ጥቆማ፦ ለጦሳ ጉዞ ሲሪያል ባር ወይስ ቆሎ?

መምህርት ከሙጋድ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በመጪው ቅዳሜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ይዘን ጦሳ ተራራ ልንወጣ ነው። ጧት ተነሥተን ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን። አንዳንድ ወላጆች በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠውን ሲሪያል ባር፣ ማለትም ከአጃና ከደረቅ ፍራፍሬ ተጣብቆ የሚታሸገውን፣ ለሁሉም ልጅ እንግዛ ብለዋል። በእርግጥ ለጤና ተስማሚ ነው? ከሆነስ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ በደህና ዋጋ የሚሸጥ ታውቃላችሁ?

የቦርከና ልጅ፦ እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት የማብቂያ ቀኑን በደንብ እዪ። እኔ ኮምቦልቻ ከአንድ ሱቅ ሙሉ ካርቶን ገዝቼ ቤት ስከፍተው የከረመ ዘይት ሸተተኝ። መጠቅለያውን ገልብጬ ባየው ቀኑ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ ሌላ ቀን ወጣ፤ ካለፈ ወራት ሆኖታል። መልሼ ብወስድለት ባለሱቁ «ይህ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ ተከራከረኝ። ገንዘቤንም አልመለሰልኝም።

ከፒያሳ፦ የትኛው ሱቅ ነው? ስሙን ንገረን እንጂ።

የቦርከና ልጅ፦ ስም አልጠራም። ጉዳዩን ለከተማው ንግድ መምሪያ አመልክቻለሁ።

ከፒያሳ፦ ስሙን ካልነገርከን የኮምቦልቻን ነጋዴ በሙሉ በአንድ ላይ ከሰስህ ማለት ነው። እኔም እዚያው ነው የምነግደው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

የቧንቧ ውሃ እናት፦ እኔንም የልጆች ብስኩት ላይ እንደዚሁ አጋጥሞኛል። የተለጠፈበት ነገር ሲያጋጥማችሁ አትግዙ፤ ክርክር ውስጥ ሳትገቡ መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ፦ መምህርት፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሰኞ ገበያ ቆሎ ተራ ሂጂና መግቢያው ላይ ያሉትን እናት ጠይቂ። ገብሱን፣ ሽምብራውን፣ ሱፉንና ለውዙን ደባልቀው ይሰጡሻል። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሳቸው ነው የምገዛው። በደሴ ምድር እንደ እሳቸው ቆሎ የሚቆላ የለም።

ነርስ ከደሴ፦ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሲሪያል ባር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ከፊት የተጻፈውን «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል ትተሽ ጀርባውን አንብቢ። የተሠራባቸው ነገሮች የሚጻፉት በክብደት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ላይ አጃ ተጽፎ ወዲያው የግሉኮስ ሽሮፕ፣ ከዚያ ስኳር፣ ከዚያ ማር ከመጣ፣ በሦስት ስም የተከፋፈለ ስኳር ነው የያዝሽው። አሁን እጄ ላይ ያለው በ100 ግራም 28 ግራም ስኳር ይላል። አንዱ ፍሬ 25 ግራም ስለሆነ 7 ግራም ስኳር አለው ማለት ነው። ልጁ ሦስት ከበላ 21 ግራም፣ በሻይ ማንኪያ አምስት ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ከ5 በመቶ ቢያንስ ደግሞ ይመረጣል። ይህም 2000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው 25 ግራም ገደማ ነው። ለአንድ ቀን የተራራ ጉዞ አንድ ፍሬ አይጎዳም፤ ሲወጡ ጉልበት ይሆናቸዋል። በየቀኑ ለትምህርት ቤት ምሳ መቋጠሩን ግን አልደግፍም።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ፦ የእናታችን ቆሎ ስኳር የሚባል ነገር የለበትም። ነገሩ አለቀ።

ነርስ ከደሴ፦ ስኳር የለበትም፣ ገብሱም ለሆድ የሚበጅ አሰር (ፋይበር) አለው፤ ልክ ነህ። ለውዙ ግን መታየት አለበት። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመርር ፍሬ ካለ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ተቆልቶም ጨርሶ አይጠፋም። ለጉበት አደገኛ ስለሆነ ሲገዛ አንድ በአንድ ይለቀም።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ፦ የእሳቸው ለውዝ አይሻግትም።

የቧንቧ ውሃ እናት፦ ወንድሜ፣ ለውዝ የሚሻግተው እርጥበት ሲያገኘው ነው እንጂ ሰው መርጦ አይደለም። ባለፈው ክረምት ከዚያው ተራ የገዛሁትን ግማሹን ጥዬዋለሁ።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ፦ ከሌላ ሰው ገዝተሽ ይሆናል።

ሯጩ፦ ከምግቡ በፊት የልጆቹን ጫማ አስቢ። ዝናብ ከጣለ ቁልቁለቱ ያዳልጣል፣ ሶሉ የለሰለሰ ጫማ ያደረገ ልጅ ይወድቃል። የጠየቅሽው ይህን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

ሐይቅ ዳር፦ ጦሳን ትታችሁ ሐይቅ ከተማ ብትመጡስ? ሜዳ ነው፣ ዓሣም አለ፣ ልጆቹ የእስጢፋኖስን ገዳም ያያሉ።

የቧንቧ ውሃ እናት፦ ገዳሙ ሴት አያስገባም። ሴቶቹ ተማሪዎች ደጅ ይቁሙ?

የሐረጎ ሾፌር፦ እህቶችና ወንድሞች፣ ልጆቹ ጦሳን ወጥተው ሲወርዱ እናንተ ገና የሱቅ ስም ትጠያየቃላችሁ። መምህርት፣ ቸኮሌት የተቀባውን ባር ብቻ አትግዢ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ጭኜ የሐረጎን ዳገት ሳልጨርስ ካርቶኑ ውስጥ ቀልጦ ከመጠቅለያው ጋር ተጣብቋል።

አክስት ከአይጠየፍ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ቀላል ነው። በሶውን በንጥር ቅቤና በትንሽ ጨው እሺና እንደ እንቁላል አድርገሽ አድበልብዪው፤ ለአንድ ልጅ ሁለቱ ይበቃል። ደሴ ብርድ ስለሆነ አይቀልጥም። የሚጾሙ ልጆች ካሉ ቅቤውን በማር ተኪላቸው፤ የታሸገው ባር ውስጥም የወተት ዱቄት ሊኖር ስለሚችል አስቀድመሽ እዪላቸው። ጄላቲን፣ ማለትም ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራ ማጣበቂያ፣ የሚል ካገኘሽበት ደግሞ ከየትኛው እንስሳ እንደተሠራ ካላወቅሽ ለሙስሊሞቹ ልጆች አትስጪ። ውሃ በብዛት ያዙ፤ በሶ ያለ ውሃ ያንቃል።

መምህርት ከሙጋድ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንዲት ተማሪዬ ለውዝ ስትበላ ከንፈሯ ያብጣል። ለውዝ የሌለበት ባር ብሰጣት ችግር አለው?

ነርስ ከደሴ፦ ሊኖረው ይችላል። ጽሑፉ ላይ «የለውዝ ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል» የሚል ካለ አትስጫት። ከተደባለቀው ቆሎ ለውዙን ለቅመሽ አውጥተሽ መስጠትም አይሆንም፤ የራሷን ምግብ ከቤቷ ታምጣ። መተንፈስ ካስቸገራት ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፤ ከመነሣታችሁ በፊትም ወላጆቿን መድኃኒት እንዳላት ጠይቂያቸው።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ፦ ለእሷ ገብስና ሱፍ ብቻ ለብቻ ያስቆሉላት። እናታችን ደስ እያላቸው ይሠሩላታል።

ነርስ ከደሴ፦ ለውዝ በተቆላበት ምጣድ ከሆነ ያውም ይቅርባት።

የቦርከና ልጅ፦ የመምሪያው ሰዎች ዛሬ ደውለው ካርቶኑን ይዘህ ና ብለውኛል። ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ ያላችሁ ሌሎችም አብራችሁኝ ብትመጡ ጉዳዩ ይጠነክራል።

ከፒያሳ፦ እኔ እመጣለሁ። ስንት ሰዓት ነው?