አሳስቶ ያከሰረ ካሳ ይክፈል ወይስ ቅጣቱ ይበቃዋል?

ጥያቄ፦ አንድ ኃላፊ የኩባንያውን ሚስጥር ይዞ አክሲዮን ነገደ። ሌላ ኩባንያ ደግሞ አሳሳች መግለጫ አወጣ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ቀጣ። ከዚያ ባለፈ፣ የከሰረው ሰው ራሱ ከሷቸው ካሳ ያግኝ?

ባለአክሲዮን፦ በደንብ አድርጎ ያግኝ እንጂ! የአሜሪካውን የማዕድን ኩባንያ ቴክሳስ ገልፍ ሰልፈርን እንይ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በኖቬምበር 1963 ካናዳ፣ ቲሚንስ አጠገብ ቆፍሮ ከፍተኛ የመዳብና የዚንክ ክምችት አገኘ። ነገሩን በሚስጥር ያዘው። የሚያውቁት ኃላፊዎችና ሠራተኞች ግን አክሲዮኑን ይገዙ ጀመር። ዋጋው ያኔ 18 ዶላር ገደማ ነበር። ወሬው ሲያፈተልክ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1964 «የሚወራው የተጋነነ ነው» የሚል መግለጫ ወጣ። በአራተኛው ቀን ትልቅ ግኝት መሆኑ ተበሰረ። ሜይ አጋማሽ ላይ ዋጋው 58 ዶላር ደረሰ። መግለጫውን አምኖ በመሀል የሸጠው ሰውስ? ለመንግሥት የሚከፈል ቅጣት እሱ ጋ አይደርስም። ክስ መሥርተው የተካሱም አሉ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1971 አጽንቶላቸዋል።

ጠበቃ፦ ሁለቱን ጥፋቶች አትቀላቅሏቸው። መግለጫው ላይ እስማማለሁ፤ ሰውየው የሸጠው በውሸቱ ነው። በውስጥ መረጃ የተነገደ ጊዜ ግን፣ በዚያ ቀን የሸጠው ሰው ኃላፊው ባይገዛም ለሌላ ይሸጥ ነበር። አንድ ሺህ አክሲዮን የገዛ ሰው፣ የዕለቱን ሻጭ ሁሉ ይካስ ማለት ልክ የለውም። የአሜሪካ ሕግ ከ1988 ወዲህ፣ በተቀራራቢ ጊዜ በተቃራኒው ወገን የተገበያዩ ሰዎች እንዲከሱ ይፈቅዳል። ጠቅላላው ካሳ ግን አጥፊው ካተረፈው ወይም ካመለጠው ኪሳራ አይበልጥም። በተቆጣጣሪው ክስ የመለሰው ገንዘብም ይቀነስለታል።

የሒሳብ ባለሙያ፦ እኔ መግለጫው ላይም ጥያቄ አለኝ። ካሳውን የሚከፍለው ማነው? ኩባንያው። ኩባንያው የማነው? የባለአክሲዮኖቹ። በውሸት ዋጋ ገዝቶ አሁንም አክሲዮኑን የያዘ ሰው፣ ካሳውን በከፊል ከራሱ ኪስ እየከፈለ ነው። የዋሸው ሥራ አስኪያጅ ምንም አልጎደለበትም። ይህ እኔን ያናድደኛል።

ባለአክሲዮን፦ እኔንም ያናድደኛል። ግን መፍትሔው ክሱን መዝጋት አይደለም፣ ጥፋተኛውን ሰው መያዝ ነው። በሒሳብ ማጭበርበር የወደቀው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ ኤንሮን የቀድሞ የቦርድ አባላት በ2005 ከገቡት 168 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ውስጥ አሥሩ 13 ሚሊዮኑን ከግል ኪሳቸው ለመክፈል ተስማምተዋል። ቀሪውን መድን ሸፈነው። ለእኔ ከመድኑ ይልቅ የ13ቱ ሚሊዮን ትርጉም ይበልጣል።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ዋጋ እንጂ መግለጫ አላነብም። ተታልያለሁ ብዬ መክሰስ እችላለሁ?

ጠበቃ፦ እዚያው አሜሪካ ትችላለህ። ቤዚክ የተባለ ኩባንያ ስለ ውህደት እየተደራደረ ሦስት ጊዜ ካደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1988 እንዲህ አለ፦ በደንብ በሚሠራ ገበያ ይፋ የወጣ መረጃ ዋጋው ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ዋጋውን ያመነ መግለጫውን እንዳመነ ይገመታል። ተከሳሹ ግን መግለጫው ዋጋውን እንዳልነካ አስረድቶ ግምቱን ማፍረስ ይችላል።

የሒሳብ ባለሙያ፦ እሺ፣ የዋሸው ሰው ራሱ ይክፈል በሚለው ተስማምቻለሁ። ግን እንዲህ ከሆነ ቅን ሰው ቦርድ መግባት አይፈራም?

ጠበቃ፦ ማጭበርበርን በሚከለክለው ዋናው የአሜሪካ ደንብ ለመክሰስ የተሳሳተ ቁጥር ብቻ አይበቃም። ከ1976 ጀምሮ ከሳሹ የማታለል ሐሳብ እንደነበረ ማስረዳት አለበት። ተራ ቸልተኝነት አያስጠይቅም። እንዲያውም እኔን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፤ ያንን ሐሳብ የሚያሳዩት ሰነዶች ያሉት ተከሳሹ መሳቢያ ውስጥ ነው።