ሳራ በርናር የሲኒማ ተዋናይት ነበረች ወይስ ሲኒማ በስሟ የነገደባት የመድረክ ንግሥት?

አወያይ፦

ለዚህ ሳምንት ክርክር የቀረበው ጥያቄ የፈረንሳዊቷን የሳራ በርናርን የፊልም ሥራ የሚመለከት ነው። በ1844 የተወለደችው ይህች ተዋናይት (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ፊት የቆመችው በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለታየው የ«ሐምሌት» የሰይፍ ግጥሚያ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ «ላ ቶስካ»ን፣ «ላ ዳም ኦ ካሜሊያ»ን፣ በ1912 ደግሞ «ንግሥት ኤልሳቤጥ»ን ሠርታለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን «ዣን ዶሬ» እና «የፈረንሳይ እናቶች» የተባሉት ተከተሉ፤ በመጋቢት 1923 ስታርፍም ያልተጠናቀቀ ፊልም በእጇ ነበር። ብዙ የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ያልፉታል፤ አንቀጹም አብዛኛውን ጊዜ የሚለው፣ ታላቋ የመድረክ ሰው ወደ ፊልም ስትመጣ እጇን ከማወናጨፍ በቀር ለካሜራ የሚሆን ነገር አልነበራትም ነው። ፍርዱ ትክክል ነው ወይስ ያለ በቂ ምርመራ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ? እባካችሁ አስተያየታችሁ በፊልሞቹ ላይ ያተኩር፤ ስለ ግል ሕይወቷና ስለምትተኛበት የሬሳ ሣጥን የሚወራውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

የመድረክ ሰው፦

ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ፤ ይህን የምለው ግን ሴትዮዋን አሳንሼ ለማየት አይደለም። ሳራ በርናር የፓሪስ ኮንሰርቫቷር የተባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማራት፣ በ1862 በፈረንሳይ ብሔራዊ ቴአትር በኮሜዲ ፍራንሴዝ መድረክ የወጣች፣ በኋላም በራሷ ስም የሚጠራ ቴአትር ቤት የመራች ባለሙያ ናት። ዘመነኞቿ ከሁሉ አስበልጠው ያወደሱላት ድምፅዋን ነበር፤ «የወርቅ ድምፅ» ይሉት ነበርና። ድምፅ አልባው ፊልም ታዲያ በመጀመሪያ የነጠቃት ይህንኑ ዋነኛ ሀብቷን ነው። የቀረው አካሏ ነው፤ አካሏ ደግሞ የሠለጠነው በትልቅ አዳራሽ ከሩቅ ለተቀመጠ ተመልካች እንጂ በጥቂት ሜትር ርቀት ለቆመ መሣሪያ አልነበረም።

«ንግሥት ኤልሳቤጥ»ን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ካሜራው ቦታውን ሳይለቅ ከፊት ይቆማል፣ ተዋናዮቹ ከራስ እስከ እግር ይታያሉ፣ ገቢውና ወጪው በመድረክ ሥርዓት ይሄዳል፣ ከየትዕይንቱ በፊትም የጽሑፍ ካርድ መጥቶ የሚሆነውን ነገር አስቀድሞ ይነግረናል። ንግሥቲቱ በመጨረሻ በተከመሩ ትራሶች ላይ በግንባሯ ተደፍታ ትሞታለች፤ ከዚህ በኋላ በአንዳንዱ ቅጂ የሞተችው ተዋናይት ተነሥታ ለተመልካች እጅ ትነሣለች። እጅ የሚነሣው ለማን ነው? በፊቷ ያለው ካሜራ ብቻ ነው። እኛም የቴሌቪዥን ድራማ ስናይ «ቴአትር ቴአትር ይላል» ብለን የምንነቅፈው ይህንኑ ዓይነት አሠራር ነው።

የዘመኑ ልማድ ነበር የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በ1910 የዴንማርኳ አስታ ኒልሰን «አፍግሩንደን» በተባለው ፊልም በዝምታ፣ በአቋቋምና በዓይን ብቻ ምን ያህል መናገር እንደሚቻል አሳይታ ነበር። ያ ፊልም ከ«ንግሥት ኤልሳቤጥ» ሁለት ዓመት ይቀድማል፤ ስለዚህ መንገዱ ተከፍቶ ነበር፣ በርናር ግን አልሄደችበትም።

ድምፅ አልባ፦

የተከበሩ የመድረክ ሰው፣ ሙግትዎ የተደራጀ ነው፤ መሠረቱን ግን አልቀበለውም። ሁለት ነገር ልጥቀስ።

አንደኛው ቴክኒካዊ ነው። የዚያ ዘመን ካሜራ በእጅ የሚዞር ሲሆን ፍጥነቱም ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 16 ምስል አካባቢ ነበር። ድምፅ ከመጣ በኋላ ፕሮጀክተሮች በሴኮንድ 24 ምስል ማሳየት ጀመሩ፤ አሮጌው ፊልም በአዲሱ ፍጥነት ሲታይም በሦስት ሴኮንድ የተሠራ እንቅስቃሴ በሁለት ሴኮንድ ያልቃል። በርናር ክንዷን ቀስ ብላ ስታነሣ በእኛ ዓይን የምትወራጭ የምትመስለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብዙዎቹ የሚሳለቁ አስተያየቶች የተጻፉት በዚህ ሁኔታ የታየን ቅጂ ተመልክተው ይመስለኛል፤ እርስዎ ያዩት ቅጂ በትክክለኛው ፍጥነት የታየ ከሆነ ግን በዚህ ነጥብ አልከስዎትም።

ሁለተኛው ድምፅዋን ይመለከታል፤ ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በርናር ከ1880 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ደጋግማ ተጉዛ በፈረንሳይኛ ተጫውታለች። ከተመልካቹ አብዛኛው ፈረንሳይኛ አይሰማም ነበር። በ1906 አብዛኞቹን ቴአትር ቤቶች የተቆጣጠረው የነጋዴዎች ማኅበር በሩን ሲዘጋባት፣ በቴክሳስ ትልቅ ድንኳን አስተክላ ሠርታለች፤ ሕዝቡም እየጎረፈ መጥቷል። ያ ሕዝብ ምን ሊያይ ነበር የመጣው? የቃሉን ትርጉም ሊሰማ አልነበረም። የንግግሩ ዜማ እንደነበረ አልክድም፤ ታሪኩን የሚከታተለው ግን በክንዷ፣ በአንገቷ አዟዟርና በልብሷ አወራረድ ነው። ስለዚህ በርናር ወደ ፊልም የመጣችው ቋንቋው ለማይገባው ተመልካች በአካል መተረክን ለሠላሳ ዓመት ተለማምዳ ነው። በዚሁ ጊዜ ውስጥ፣ በ1883 በፓሪሱ የትሮካዴሮ አዳራሽ ጸሐፊው ዣን ሪሽፓን የደረሰውን ፓንቶማይም (ያለ ንግግር የሚተወን ተውኔት) ስትሠራ ፒየሮ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆና ያለ አንድ ቃል ተጫውታለች። ድምፅዋ ሲነጠቅ ባዶ እጇን ቀረች የሚለው እንግዲህ ከሥራ ታሪኳ ጋር አይገጥምም።

ገበያ ተመልካች፦

ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ጥበቡ ነው፤ እኔ ስለ ገንዘቡ ልጨምር። «ንግሥት ኤልሳቤጥ» በዚያው በ1912 በፓሪስ ለመድረክ ቀርቦ ሳይሳካለት ከወረደ ተውኔት የተሠራ ፊልም ነው። የአሜሪካውን መብት የገዛው በሀንጋሪ የተወለደውና በፀጉራም ቆዳ ንግድ የጀመረው አዶልፍ ዙከር ነበር፤ በሐምሌ 1912ም ፊልሙን ኒው ዮርክ በሚገኘው የላይሲየም ቴአትር አሳየው። ቦታው በራሱ ትርጉም አለው። ሲኒማ ያኔ በሳንቲም የሚገባበት፣ «ጨዋ» ነኝ የሚል ሰው የሚሸሸው ጠባብ ቤት ነበር፤ ዙከር ግን ያንኑ ጨዋ ተመልካች ሊያስገባ የፈለገው በሚያከብረው አዳራሽና በሚያከብረው ስም ነው። ከቴአትር አዘጋጁ ከዳንኤል ፍሮማን ጋር «ፌመስ ፕሌየርስ» የተባለውን ኩባንያ በዚህ አነሣሥቶ አቋቋመ፤ ያ ኩባንያ በኋላ ፓራማውንት ከሆነው ድርጅት ሥሮች አንዱ ነው።

ስለዚህ በርናር የሲኒማን ታሪክ ለውጣለች፤ የለወጠችው ግን በትወናዋ ሳይሆን በስሟ ነው። በማስታወቂያው ላይ የእሷ ስም ባይኖር ኖሮ ትወናው ምንም ያህል ቢያምር ላይሲየም አይከፈትለትም ነበር። ይህን የምለው ሁለታችሁንም ለማስታረቅ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ትክክል አልተጠየቀም ብዬ ስለማምን ነው።

ድምፅ አልባ፦

ገበያ ተመልካች የነገሩን እውነት ነው፤ ነገር ግን «የመጀመሪያው ረጅም ፊልም» የሚለውን የተለመደ ማጋነን አለመድገማቸውን አመሰግናለሁ። የጣልያኑ «ሲኦል» በ1911 አምስት ጥቅል (የፊልም ርዝመት የሚለካበት ሪል) ሆኖ አሜሪካ ደርሶ ነበር፤ የበርናር አራት ጥቅል ነው። ስሟ በሩን ከፈተ ማለት ግን ትወናው ዋጋ የለውም ማለት አይሆንም። ስሙ ከየት መጣ? ከሃምሳ ዓመት ሥራ ነው የመጣው።

የመድረክ ሰው፦

ስለ ቴክሳሱ ድንኳን የተነገረው ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ለእኔ ግን የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው። በትልቅ ድንኳን ውስጥ ቋንቋ ለማይሰማ ሕዝብ የሠራ ሰው እንቅስቃሴውን የበለጠ ያጎላል እንጂ አይቀንስም። ካሜራው የሚጠይቀው መቀነስን ነበር።

ሌላም ማነጻጸሪያ ላቅርብ። በርናር በ1900 ሐምሌትን ሆና ተቀረፀች፤ ፊልሙ የሁለት ደቂቃ ያህል ነው፣ የሰይፉ ድምፅም በፎኖግራፍ ተቀርጾ አብሮ ይሰማ ነበር። አስታ ኒልሰንም በ1921 ሐምሌትን ሆና ተጫወተች። ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም አንድ ገጸ ባሕርይ። በአንዱ የምናየው ታዋቂ የመድረክ ትዕይንት ተቆርጦ ለኤግዚቢሽን መቅረቡን ነው፤ በሌላው የምናየው ለፊልም ተብሎ እንደገና የታሰበ ሰው ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ግልጽ ካልሆነ የት ላይ እንደሚሆን አላውቅም።

ድምፅ አልባ፦

በሁለቱ መካከል እኮ 21 ዓመት አለ፤ ያ ዘመን ደግሞ ሲኒማ ከሕፃንነት ወደ ጉልምስና የተሻገረበት ነው! በ1900 ማንም ለፊልም «እንደገና ያሰበው» ሐምሌት አልነበረም። የ1910ሩ «አፍግሩንደን» ግን ከባድ ማስረጃ መሆኑን እቀበላለሁ። ሆኖም ኒልሰን ያኔ 29 ዓመቷ ነበር፣ የተጫወተችውም የዘመኗን ከተሜ ሴት ነው። በርናር 67 ዓመቷ ሆኖ የተጫወተችው ንግሥትን ነው፤ ንግሥት ደግሞ በአደባባይ የምትኖር፣ ኀዘኗን እንኳ በሥርዓት የምታሳይ ሰው ናት። ወዳጇን ኤሴክስን የተጫወተው ሉ ቴሌገን በዕድሜ ከእሷ ከግማሽ በታች ነበር፤ ፊልሙ ይህን ሳይደብቅ በሙሉ አቋም ሲያሳየን፣ ሥልጣን እንጂ ውበት የሌላት አሮጊት ወጣትን ስትወድ የምታሳፍረውንና የምታሳዝነውን ነገር እናያለን። ካሜራው ቀርቦ ፊቷን ብቻ ቢያሳየን ኖሮ ይህ የአካል ልዩነት ይጠፋ ነበር።

የመድረክ ሰው፦

ይህ ብልህ አነባበብ ነው፤ የፊልሙ ሐሳብ ይሁን የእርስዎ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

የታሪክ አንባቢ፦

እስካሁን ክርክሩ ሁሉ በ1912 ላይ ቆሟል፤ እኔ ወደ 1917 ልውሰዳችሁ። በየካቲት 1915 በርናር በቦርዶ ቀኝ እግሯ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ከዚያም በኋላ በወንበር እየተሸከሟት ወደ ጦር ግንባር ሄዳ ለወታደሮች ተጫውታለች። «የፈረንሳይ እናቶች» ሉዊ መርካንቶንና ሬኔ ኤርቪል ያዘጋጁት፣ ቅድም የተጠቀሰው ሪሽፓን የጻፈው ፊልም ነው፤ ልጇን በቁስለኞች መካከል የምትፈልግ መኳንንታዊት እናት ታሪክ ሲሆን ከፊሉ የተቀረጸው በጥይት በተመታው የሬምስ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ ከዣን ዳርክ ሐውልት አጠገብ ነው። ለጦርነቱ ድጋፍ ለመቀስቀስ፣ በተለይም አሜሪካውያንን ለማሳመን ያገለገለ ፊልም እንደነበረ መርሳት የለብንም፤ በታሪኩ ብዙ ነገር የተጋነነ ነው።

ነገር ግን እዚያ ያለችውን በርናር ተመልከቱ። መሄድ አትችልም፤ ስለዚህ ሌሎች ወደ እሷ ይመጣሉ፣ ወይ ተቀምጣ ወይ ተደግፋ ትታያለች። መድረክን የሚያቋርጠው ዝነኛ አካሄዷ የለም። ከዚህ የተነሣ ፊቷና እጆቿ ብቻቸውን ይሠራሉ፤ ጀርባዋ ያለው አዳራሽም የተቀባ ሸራ ሳይሆን እውነተኛ ፍርስራሽ ነው። የመድረክ ሰው ሆይ፣ እርስዎ «መቀነስ» ያሉት ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል።

የመድረክ ሰው፦

አለ፤ አልክድም። የ1917ቱ ትወና ከ1912ቱ የተለየ ነው፤ በሐውልቱ ፊት ያለውን ትዕይንት እኔም በአክብሮት ነው ያየሁት። ጥያቄዬ ግን ይህን መቀነስ ያመጣው ማን ነው የሚል ነው። እግሯ ባይቆረጥ ኖሮ ያንን ፍርስራሽ በንግሥት አረማመድ አታቋርጠውም ነበር? ግድ ያመጣውን ነገር የጥበብ ምርጫ ብለን ልንመዘግብላት አይገባም።

የታሪክ አንባቢ፦

የድምፅ አልባው ሲኒማ ትወና በሙሉ ከግድ የመጣ ነው እኮ። አስታ ኒልሰን በዓይኗ የተናገረችው መናገር ስላልቻለች ነው፤ ያንን ግን ምርጫዋ ብለን መዝግበንላታል። ለበርናር ስንደርስ መለኪያውን የምንቀይርበት ምክንያት ካለ ስሙን ይንገሩን።

ገበያ ተመልካች፦

ምክንያቱ ዝናዋ ነው። ኒልሰንን ያገኘናት በፊልም ነው፤ በርናርን ግን ፊልሙን ከማየታችን በፊት እናውቃት ነበር፣ ስለዚህ በፊልሙ የምንፈልገው የሰማነውን ነው እንጂ የምናየውን አይደለም። በ1912 ትኬት የገዛውም ሰው እንዲሁ ነበር።

አወያይ፦

ክርክሩ ለአባላት ድምፅ ክፍት ነው። ድምፅ የምትሰጡት ግን ቢያንስ «ንግሥት ኤልሳቤጥ»ን በትክክለኛ ፍጥነቱ ካያችሁ በኋላ ይሁን፤ ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። የመድረክ ሰውና የታሪክ አንባቢ በ1917ቱ ፊልም ላይ ያላቸው ልዩነት ለብቻው እንዲታይ ስለጠየቁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ላይ እንቀጥላለን።