ሰማያዊ ስዊች ገዝቼ ቤቱን ቀሰቀስኩት፤ ልልመደው ወይስ ልመልሰው?

የማታ ተርጓሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የተየብኩት በላፕቶፕ ብቻ ነው። ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ስጽፍ እውላለሁ። እኔ በምጠቀምበት አጻጻፍ ደግሞ ከሳድሱ በቀር እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል፤ ጠ እና ጨ ሲሆኑ ሺፍት ይጨመራል። ጣቴ ትንሽ ቢያርፍ ብዬ የመጀመሪያዬን ሜካኒካል ኪቦርድ ገዛሁ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ መጫኛ (ስዊች) ያለውን፤ የእኔው ሲጫኑት ቀጭ የሚለው ሰማያዊ ስዊች ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደስ ይል ነበር። ቀጭ ቀጭ ሲል ራሴን ትልቅ ጸሐፊ አድርጌ ቆጠርኩ። በማግስቱ ማታ ልጄ በር ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ምን እየሰበርሽ ነው?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን የእጄ አንጓ ማመም ጀመረ። ስህተቴም በዛ፤ ሺፍቱን በደንብ ሳልጫን እያለፍኩ «ሰውየው መጣ» ማለት ሲገባኝ «ሰውየው መታ» ብዬ ለደንበኛ ልልክ ነበር!

ከቁልፎቹ ሥር የሚገባ የጎማ ቀለበት አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ድምፁን ያጠፋዋል? ወይስ ሳይረፍድ ልመልሰው?

ቀይ ይሻላል፦
እህቴ፣ ለቀለበት ገንዘብሽን አታውጪ። ቀለበቱ የሚያለዝበው ቁልፉ ታች ሲመታ የሚሰማውን ዱብታ ነው። ቀጭታው ግን የሚወጣው ከስዊቹ ሆድ ውስጥ ነው፤ እንዲጮህ ተብሎ ነው የተሠራው። ይልቅ አንዱን ቁልፍ ነቅለሽ ስዊቹን በመንቀያው ሳቢው። ከኪቦርዱ ሰሌዳ ጋር ካልተበየደ ይወጣል፣ ከስዊቹ ሥር ያሉትን ቀጫጭን እግሮች ሳታጣምሚ በቀስታ። ከወጣ ስዊቾቹን ብቻ መቀየር ትችያለሽ። ስትገዢ እግራቸው ባለ ሦስት ይሁን ባለ አምስት አረጋግጪ፤ ባለ ሦስት ቀዳዳ ላይ ባለ አምስቱ እንዲሁ አይገባም። ከተበየደ ግን መልሺው።

አሮጌ ጣት፦
ስለ አንጓሽ ልጠይቅሽ፦ የኪቦርዱን የኋላ እግሮች ዘርግተሻቸዋል? እንደዚያ ከሆነ እጠፊያቸው። ሜካኒካል ከላፕቶፕ ይልቅ ወፍራም ነው፤ በእሱ ላይ ከኋላ ሲነሳ እጅሽ ወደ ላይ ተቀልብሶ ይውላል።

ሌላው አመታትሽ ነው። ቼሪ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ሰማያዊ ስዊች እስከ ታች 4 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ፊደሉን የሚመዘግበው ግን 2.2 ላይ ነው። ቀሪው መንገድ ትርፍ ድካም ነው። እኛ የጎማ ኪቦርድ ያሳደገን ሰዎች መሬቱን ካልመታን የጻፍን አይመስለንም። እኔ ይህን ልማድ ለመተው ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶብኛል፣ አሁንም ስናደድ ይመለስብኛል።

ቡናማ ፦
ቀይ ስዊች ደግሞ ምንም አይነግርሽም፣ ሰተት ብሎ ይወርዳል። መሃሉን ያዢ፤ ቀጭ ሳይል መንገዱ ላይ ጣትሽን ትንሽ የሚይዘውን ቡናማ።

ቀይ ይሻላል፦
ቡናማ እኮ ቀይ ነው፣ አሸዋ የገባበት።

የማታ ተርጓሚ፦
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የኪቦርዱ እግሮች ተዘርግተው ነበር፣ አሮጌ ጣት እጅህ ይባረክ! ካጠፍኳቸው ወዲህ አንጓዬ ትቶኛል። ስዊቹም ሳብ ሳደርገው ወጣ፤ ቀይ አስመጣሁና አንድ ምሽት ሙሉ ስነቅልና ስተክል አመሸሁ። የአንዱን ስዊች እግር አጣምሜው ስለነበር «ረ» አልሠራ ብሎ ላብ አስጠመቀኝ፤ በወረንጦ አቃናሁት።

ሁለቱን ሺፍቶች ግን ሰማያዊ እንደሆኑ ተውኳቸው። ቀጭ ካላለ አልተጫንኩትም ማለት ነው፣ «መታ» መጻፍም ቀርቷል። ልጄ አሁን አልጋው ላይ ሆኖ «ጠ ጻፍሽ አይደል?» ይለኛል።