የምርመራ ወረቀቴ «ቀርፋፋ ሞገድ» ይላል፣ የገባችሁ ንገሩኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ካለ ይርዳኝ፣ ጭንቅ ላይ ነኝ። አዘዞ ዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ሊነጋጋ ሲል ገብቼ እተኛለሁ፣ ግን ሰፈሩ ይነቃል፤ ባጃጁ፣ ልጆቹ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሙቀት፣ ብቻ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ ዓይኔ ይፈጣል።

አሁን አሁን መርሳት በዛብኝ። ባለፈው ሳምንት እርሾ መጨመሬን ረስቼ ደግሜ ጨመርኩ፣ ሊጡ ገንፍሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ሐኪም ጋ ሄጄ ራሴ ላይ ሽቦ ለጥፈው ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግብ ምርመራ) አነሱኝ። ውጤቱ «ቀርፋፋ ሞገድ» ይላል። ያስረዳኝ የለም፣ ከወር በኋላ ተመለስ ብቻ። ሳነብ ግን ዴልታ የሚባለው፣ በሰከንድ ከ0.5 እስከ 4 ጊዜ የሚመላለሰው ቀርፋፋ ሞገድ፣ ከባድ እንቅልፍ ላይ መብዛቱ ጤናማ ነው፤ ቀን የተማርነው በደንብ የሚሰርጸውም ያኔ ነው። ነቅቶ ባለ አዋቂ ላይ ከታየ ነው የሚያሳስበው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ከፈረቃ በቀጥታ ስለሄድኩ፣ አልጋው ላይ ጋደም ስል ሸለብ ሳያደርገኝ አይቀርም። ማንቀላፋት ብቻውን ሞገዱን ያዘገየዋል አይደል?

ታዲያ በደንብ ተኝቼ ልድገመው ወይስ ወሩን ልጠብቅ? ሌሊት እየሠራችሁ ቀን ጥሩ እንቅልፍ የምትተኙ ካላችሁስ፣ እንዴት አደረጋችሁት?