ኮዱን ቀየርኩ፣ ኮምፓይል አደረግኩ፣ ውጤቱ ግን ያው ነው

ውርጭ_ደብረብርሃን፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው፣ ጥናቴ ውርጭ ላይ ነው። አንጎለላ ያሉት አጎቴ ጥቅምት ላይ ባቄላቸው በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር አይቻለሁ፣ ነገሩ ለኔ ከማስትሬት በላይ ነው። የምሠራው ደብሊው አር ኤፍ በሚባለው የአየር ሁኔታ ሞዴል ነው። የሌሊቱን ቅዝቃዜ አሳንሶ ስላሳየኝ ፊዚክስ ፎልደር ገብቼ ኖዋ የሚባለውን፣ የአፈሩንና የመሬቱን ሙቀት የሚያሰላውን የመሬት ገጽ ኮድ አንድ ቦታ ቀየርኩ፣ መሥራቱን ለማየትም «እዚህ ደርሻለሁ» ብሎ የሚጽፍ መስመር ጨመርኩ። ኮምፓይል ሳደርገው (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስለውጠው) ኤረር የለም፣ በሁለት ደቂቃ አለቀ። ራን ሳደርገው ግን ያቺ መስመር የለችም፣ ሙቀቱም እስከ መጨረሻዋ አሃዝ የድሮው ነው። ሦስት ቀን ሆነኝ። ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር? መጀመሪያ ስጭነው ከሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል፣ መብራቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የጣርማበር_ልጅ፦
እህቴ ምንም እንዳታጠፊ! የነካሽው ፋይል ስሙ የሚያልቀው በትልቁ ኤፍ ነው ወይስ በትንሹ ኤፍ እና 90? ዋናው ሶርስ ባለ ትልቁ ኤፍ ነው። ባለ 90ው ኮምፓይል ሲደረግ ከዋናው የሚወጣ ስለሆነ እሱ ላይ የጻፍሽው ዋጋ የለውም። ኮምፓይሉን የሚመራው ሜክ የሚባለው ፕሮግራም የሚያየው የዋናውን ፋይል ሰዓት ነው፣ ዋናው ካልተነካ አልፎት ይሄዳል። ሁለት ደቂቃ ብቻ የፈጀው ለዚህ ይመስለኛል። ኔምሊስትሽንም (የሞዴሉን ምርጫዎች የምትሞዪበትን ፋይል) እዪው፤ የመሬት ገጹ ምርጫ 2 ከሆነ ኖዋ ነው፣ 4 ከሆነ ግን ኖዋ ኤምፒ ስለሆነ ሌላ ፋይል ነው የሚሠራው።

ውርጭ_ደብረብርሃን፦
ወይኔ፣ ባለ 90ውን ነበር የነካሁት! ኔምሊስቱ 2 ነው። ዋናውን አስተካክዬ ደገምኩት፣ አሁን ሎጉ ላይ ፋይሌ ኮምፓይል ሲደረግ ይታያል፣ መጨረሻ ላይም ተሳክቷል ይላል። ውጤቱ ግን አሁንም ያው!

አንኮበር_ላይ፦
ልጄ፣ ራን የምታደርጊው የት ነው? ብዙ ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ነው የሚቸገሩት። አዲሱ ፕሮግራም የሚቀመጠው ሜይን ፎልደር ውስጥ ነው። አንቺ ግን ድሮ ወደ ሌላ ፎልደር ኮፒ አድርገሽው ከሆነ እዚያ ያለው አሮጌው ነው፣ መቶ ጊዜ ኮምፓይል ብታደርጊም አይለወጥም። የሁለቱን ፋይሎች ቀንና ሰዓት አስተያዪ። ኮፒውን አጥፊና በምትኩ ወደ ሜይኑ ፋይል የሚጠቁም ሊንክ አድርጊ፣ ያኔ ሁሌም አዲሱን ነው የምታገኚው። ሁሉን አጽድቶ መጀመር የሚያስፈልገው ሬጅስትሪ ፎልደር (የሞዴሉ ተለዋዋጮች ዝርዝር ያለበት) ውስጥ ያለውን ስትነኪ ነው። ያን ጊዜ የኮምፓይል ምርጫዎችሽን የያዘው ኮንፊገር ፋይልም አብሮ ስለሚጠፋ በእጅሽ ያስተካከልሽው ነገር ካለ አስቀድመሽ ለብቻ አስቀምጪው። የዕፅዋትና የአፈር ሰንጠረዦቹ ግን ራን ሲደረግ ነው የሚነበቡት፣ እነሱን ብትቀይሪ ኮምፓይል ጭራሽ አያስፈልግሽም።

ውርጭ_ደብረብርሃን፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ራን የማደርገው ያለፈውን ወር ፋይል ነበር። ሊንክ አድርጌ አስጀመርኩት፣ «እዚህ ደርሻለሁ» በየመስመሩ እየወረደ ነው፣ የንጋቱ ሙቀትም ከቦታው ተነቃንቋል። የጣርማበሩ ወንድሜም ተባረክ። አሁን ያቺን መስመር አውጥቼ ድጋሚ ኮምፓይል ላደርግ ነው፣ የራኑን ሎግ ሞላችው።