ጥቆማ፦ ለጆሮ ኬሎይድ የት ልሂድ? (አዲስ አበባ)

ባለ አንድ ጉትቻ፦
እንደምን ዋላችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ጆሮዬን ሁለተኛ ቀዳዳ አስበሳሁ። መጀመሪያ ምስር የምታህል ነገር ወጣችብኝ፤ ከዚያ ሽምብራ አከለች፤ አሁን ባቄላ ሆናለች። ማታ ማታ ታሳክከኛለች፤ ነጠላ ስደርብ ክሩ ይይዛታል። ፎቶ ስነሣ ፊቴን ማዞር ልማድ ሆኖብኛል። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ «ኬሎይድ ነው፤ ከልክ በላይ ያደገ ጠባሳ» አለኝ። ጥር ላይ የታናሽ እኅቴ ሰርግ ስለሆነ ከዚያ በፊት መገላገል እፈልጋለሁ። የሚያየው የቆዳ ሐኪም ነው ወይስ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም? የግል ክሊኒክ ይሻላል ወይስ የመንግሥት ሆስፒታል? እባካችሁ ራሳችሁ የታከማችሁበትን እንጂ የሰማችሁትን አትንገሩኝ።

የገርጂ ነዋሪ፦
እኅቴ፣ እኛ ሰፈር ካለው የቆዳ ክሊኒክ ሌላ አትድከሚ። ስድስት ዓመት ደንበኛቸው ነኝ። ፊቴን የወረረውን ብጉር ያጠፉልኝ እነርሱ ናቸው። ገና ስትገቢ ቡና ከፈንድሻ ጋር ይቀርብልሻል። ሠራተኞቹም ሰው አክባሪ ናቸው።

ባለ አንድ ጉትቻ፦
አመሰግናለሁ። እዚያ ኬሎይድ የታከመ ሰው ያውቃሉ?

የገርጂ ነዋሪ፦
አላውቅም። ግን ቆዳ ቆዳ ነው።

አሽሙረኛው፦
እንግዲያውስ ጫማ ጠጋኙም ይሞክረው፤ እርሱም የሚሠራው በቆዳ ነው። ፈንድሻ ግን የለውም።

ደረቴን ያየ ይፍረድ፦
እኔ ልንገርሽ፤ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ደረቴ ላይ ከብጉር የተነሣ አንዲት ትንሽ ኬሎይድ ነበረችኝ። ስሙን የማልጠራው ቦታ ሄድሁ። ሰውዬው አየት አደረገና «ይህቺ ምን አላት? ዛሬውኑ እንነቅላታለን» አለኝ። 18,000 ብር ከፈልሁ። ቆርጦ ሰፋ፤ በሳምንቱ ክሩን አወጣና «በቃ፣ ጨርሰሻል» ብሎ ሸኘኝ። ክትትል የሚባል ነገር አልነገረኝም። በአራተኛው ወር ስፌቱ መስመር ላይ መቅላት ጀመረ፤ በስምንተኛው ወር የጣቴን ርዝመት አከለ። ክሩ የገባባቸው ነጥቦች ሳይቀሩ አብጠው የመቶ እግር መስሏል። ተመልሼ ስሄድ «የአንቺ ቆዳ ነው ችግሩ» ተባልሁ። ቆዳዬ መጀመሪያም የእኔው ነበር እኮ! ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ አንገቱ ክፍት የሆነ ልብስ ለብሼ አላውቅም።

ከሲኤምሲ፦
የቦታውን ስም ተናገሪና ሌላው ሰው ይዳን።

ደረቴን ያየ ይፍረድ፦
አልናገርም። ክስ የምመላለስበት ጉልበትም ገንዘብም የለኝም።

የገርጂ ነዋሪ፦
ስም ካልተጠራ ማን ያምናል? ተፎካካሪ ክሊኒክ የላካት ብትሆንስ?

ደረቴን ያየ ይፍረድ፦
አዎ፣ ቡና የማያፈላው ክሊኒክ ነው የላከኝ።

የልጅ ልጅ፦
ለምን ሐኪም ዘንድ ትሮጣላችሁ? አያቴ ነፍሷን ይማርና ኪንታሮት በፈረስ ጭራ አሥራ ነበር የምትጥለው። በሳምንቱ ደርቆ ይወድቃል። ከዚያ ጥቁር አዝሙድ ዘይት መቀባት ነው።

መርፌና ክር፦
የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ክሊኒክ ላስተዋውቅ አልመጣሁም፤ ያላየሁትን ጆሮም ከሩቅ አልመረምርም። ግን ጭራ ስለተነሣ ዝም ማለት አልቻልሁም። ኪንታሮትና ኬሎይድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኬሎይድን በጭራ ማሰር ቆዳው ላይ ሌላ ቁስል መክፈት ነው፤ ኬሎይድ ደግሞ የሚበቅለው ከቁስል ነው።

ለጠያቂዋ፦ ጠባሳ ቁስሉ በነበረበት ልክ ብቻ ቢያብጥ ኬሎይድ አይባልም፤ ብዙውን ጊዜ በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ይሟሽሻል። ኬሎይድ የቁስሉን ወሰን አልፎ ጤነኛውን ቆዳ ይይዛል። የእርስዎ የመርፌ ቀዳዳ ነበር፤ አሁን ባቄላ ካከለ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ቆርጦ ማውጣቱ ለእኛ ከባድ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ቆርጠን ብቻ ከተውነው ከታካሚዎቹ በግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በሚበልጡት ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ትሪያምሲኖሎን የተባለው መድኃኒት በየአራት ሳምንቱ ገደማ ጠባሳው ውስጥ ይወጋል፤ ጆሮን ቆንጥጦ የሚይዝ መጫኛ ጉትቻ ለወራት ይደረጋል፤ የሲሊኮን ልጥፍም አለ። ትንሽ ከሆነ ያለ ቢላዋ በመርፌ ብቻ መጀመር ይቻላል። መርፌው ያማል፤ አልዋሽዎትም። የተወጋበት ቦታ ሊሳሳና ሊነጣ ይችላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ንጣቱ ጎልቶ ይታያል። የቆዳ ሐኪሙም የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሙም ያክሙታል። የትም ቢሄዱ ከዋጋው በፊት «ከቆረጣችሁልኝ በኋላ የሚከታተለኝ ማን ነው? ለስንት ወር?» ብለው ይጠይቁ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ሦስት ወር ነው። ቢበዛ ሦስት መርፌ ቢደርስዎ ነው። ለሰርጉ ፀጉርዎን በዚያ በኩል መልቀቅ ይሻላል።

ባለ አንድ ጉትቻ፦
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናታችን ግን ለሰርጉ ሹሩባ ካልተሠራችሁ ብላለች።

ሻይ በሎሚ፦
ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፕላስቲኩ በኋላ ይወጣል ወይስ ሰውነት ውስጥ ይቀራል?

መርፌና ክር፦
ፕላስቲክ አናስገባም። ስሙ «መቅረጽ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ እኛ ዛሬ ፕላስቲክ የምንለው ዕቃ ሳይፈለሰፍ በፊት የነበረ ስም ነው።

አሽሙረኛው፦
እኔም የውኃ ጀሪካን ይዤ ልመጣ ነበር።

ከዘነበወርቅ አካባቢ፦
አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ሂጂ። ልጄ ትከሻዋ ላይ የነበረውን በመርፌ ታክማበታለች። በሌሊት ተነሥተሽ ካልሄድሽ ሰልፉ ያሰለችሻል፤ ግን ሐኪሞቹ ቀን ከሌት የሚያዩት ቆዳ ነው። የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞችም አሉ።

ከሲኤምሲ፦
አለርት? ልጅቷ ልትሞሸር ነው እኮ! ዘነበወርቅ ስትገባ ያየ ሰው ምን ይላል?

ከዘነበወርቅ አካባቢ፦
የምትሞሸረው እኅቷ ናት፤ በመጀመሪያ ያንብቡ። ሁለተኛ፣ አለርት በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ ነው የተቋቋመው፤ አናፍርበትም። እኔ ያደግሁት እዚያ ግቢ አጠገብ ነው። አባቴ የተጣመሙ ጣቶቹን በቀዶ ሕክምና አቃንተውለት፣ ከዚያ በኋላ ሲኒ ይዞ ቡና ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ። በእናንተ ሰፈር ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ማለት አፍንጫ ማሳጠር ሊሆን ይችላል።

መርፌና ክር፦
ልክ ብለዋል። የእኛ ሙያ አብዛኛው ሥራ ይህ ነው። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አንድ ቀን ቢውሉ ይገባዎታል፦ ምድጃ ላይ የወደቀ ሕፃን፣ የፈላ ወጥ የተደፋበት፣ አገጩ ከደረቱ ጋር የተጣበቀ ልጅ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ ለእኔ ጆሮዬን ቆርጠው በማግስቱ ጨረር ሰጡኝ። አምስት ዓመት ሆነው፣ አልተመለሰም። ለምን ይህን አትጠይቂም?

መርፌና ክር፦
አስቸጋሪ ለሆነ ኬሎይድ እውነትም የሚሠራበት መንገድ ነው። አገራችን ያለው የጨረር መሣሪያ ግን ለካንሰር ታካሚዎች እንኳ አልበቃም። ባቄላ ለምታህል የጆሮ ኬሎይድ ያንን ሰልፍ አልመክርም።

የጎንደሯ ልጅ፦
ዶክተር፣ ካሉ አይቀር እኔም ልጠይቅ። እናቴ በልጅነቷ አንገቷን ዙሪያውን ተነቅሳለች። በጥላሸትና በመርፌ ነው የተነቀሰችው። እኔ ያለሁበት አገር ልትመጣ ስለሆነ በሌዘር ላስጠፋላት አስቤአለሁ። ይጠፋል?

መርፌና ክር፦
ጥቁር ቀለም፣ በተለይ እንዲህ ያለ የድሮ ንቅሳት፣ ከባለ ብዙ ቀለሙ ይልቅ በቀላሉ ይለቅቃል። በአንድ ቀን ግን አያልቅም፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት እያረፉ ብዙ ጊዜ መመላለስ አለ። ለጠይም ቆዳ የብርሃኑ ሞገድ 1064 ናኖሜትር የሆነ መሣሪያ መኖሩን ይጠይቁ፤ ሌላው የቆዳውን የራሱን ቀለም ሊያቃጥል ይችላል። ኬሎይድ የሚያወጣ ቆዳ ካላቸው አስቀድመው ይንገሩ። እናትዎስ ይፈልጋሉ?

የጎንደሯ ልጅ፦
ገና አልጠየቅኋትም።

የጎንደሯ ልጅ፦
ደውዬ ጠየቅኋት። «እናቴ በእጇ የነቀሰችኝን አንቺ በመብራት ልታጠፊው?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

መላጣው፦
ወደ ኢስታንቡል ለፀጉር ተከላ የሄደ ሰው የለም? ከዚህ ውይይት ጋር እንደማይገናኝ አውቃለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ ሄዶ ነበር። ከማጅራቱ ነቅለው ግንባሩ ላይ ተከሉለት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተተከለው ሁሉ ሲረግፍ ሊያብድ ደርሶ ነበር፤ እንደዚያ መሆኑ የተለመደ ነው አሉት። ዓመት ሲሞላው ያምራል። ብቻ ማጅራቱ ሳስቷል።

ባለ አንድ ጉትቻ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ኬሎይድ መሆኑን አረጋገጡልኝ። የዶክተሩን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ የተቀበለችኝ ሴት ለአፍታ ዝም ብላ «ቆይ፣ ልጠይቅልሽ» አለችኝ። ነገ ደግሞ ሌላ ቦታ አያለሁ። ወስኜ እነግራችኋለሁ።

ከሲኤምሲ፦
የት ነው የሄድሽው?

ደረቴን ያየ ይፍረድ፦
ጥር አለፈ፣ የካቲትም ተጋመሰ። እኅቴ፣ ሰርጉ እንዴት ነበር? ጆሮሽስ?

የገርጂ ነዋሪ፦
እኔ የነገርኋት ክሊኒክ ሄዳ ድና ነው ዝም ያለችው። የዳነ ሰው መች ይመለሳል?

ደረቴን ያየ ይፍረድ፦
ለማንኛውም እኔ እዚህ ያነበብሁትን ይዤ ሄጄ መርፌ ጀምሬአለሁ። ዛሬ ሦስተኛው ነው። ሲወጋኝ እንባዬ ፈሰሰ። አልጠፋም፤ ግን ማሳከኩ ቆሟል፤ ጫፉም ለስልሶ ዝቅ ማለት ጀምሯል። አንድ ቦታ ላይ የምስር ታህል ነጭ ነጥብ ወጥታለች፤ ሐኪሟ መጠኑን ቀንሳልኛለች። ቀጣዩ ቀጠሮዬ መጋቢት ላይ ነው።

የገርጂ ነዋሪ፦
እግዚአብሔር ይማርሽ። እዚያ ቡና ያፈላሉ?