የ1ኛ ክፍል ልጄን የት ላስገባት? የመንግሥት ወይስ የግል?

እናት፣ ከላፍቶ
ልጄ ዘንድሮ ኬጂ 3 ጨርሳለች፤ መስከረም ላይ 1ኛ ክፍል ትገባለች። የነበረችበት የግል ትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚጨምር በወላጆች ስብሰባ ተነግሮናል። ከሰርቪስና ከመጽሐፍ ጋር ሲደመር የደመወዜን እኩሌታ ይወስዳል። ባለቤቴ «ከሌላው ወጪ እንቀንስ እንጂ ከእርሷ ትምህርት አንቀንስም» ባይ ነው። እኔም እንደ እርሱ ነበርኩ። ባለፈው እሑድ እናቴ ዘንድ ሄደን ሳለ፣ እናቴ የመድኃኒቷን ካርቶን ሰጥታት «እስቲ የኔ ልጅ፣ ፋርማሲ ቤት የጻፉልኝን አንብቢልኝ» አለቻት። የተጻፈው «ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ» የሚል ነው። ልጄ ካርቶኑን አገላብጣ የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ ጠራች። ወደ አማርኛው ስትመለስ «ማ»ን አወቀቻትና ቆመች። ሦስት ዓመት የከፈልኩት ለዚህ ነው ወይ እያልኩ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ከቤታችን አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

አባት፣ ከጀሞ
እኅቴ፣ እኔ ሁለቱንም ያየሁ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ልጆቼን ከግል አውጥቼ የመንግሥት አስገባኋቸው። ምክንያቱ ኪሴ ነው፤ አልደብቅም። ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ፤ ዩኒፎርሙንም ደብተሩንም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ይሰጣል። ይህ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያቃልለው ሰው በየማለዳው ምሳ ዕቃ ቋጥሮ አያውቅም። የትልቁ ልጄ አማርኛ በአንድ ዓመት ተቃና። እንግሊዝኛው ግን ወደ ኋላ ሄደ። ከሰርቪስ የተረፈኝ ገንዘብ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ቤት ለሚመጣ አስጠኚ ይከፈላል። ነፃ ነው ብለሽ ብቻ አትግቢ፤ ማታ ማታ ከልጅሽ ጋር የምትቀመጪበት ጊዜ ይኑርሽ።

የባንክ ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች አባት
እኔ ግልጹን ልናገር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በሁለቱም ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ይህን እያወቅሁ ልጄን ስልሳ ልጅ ከታጨቀበት ክፍል እንዴት አስገባለሁ? 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛን ከእናቱም ከአያቱም ከሰፈሩም ይማራል። እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት በቀር ከየት ያገኘዋል? እኔ ከሆዴም ከልብሴም ቀንሼ እከፍላለሁ።

መምህርት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት 1ኛ ክፍል
የባንኩ ወንድሜ፣ የጠቀሱት ቁጥር ትክክል ነው። ከቁጥሩ ተነሥተው የደረሱበት ላይ ግን አልስማማም። ያ ውጤት የታየው ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ከተወሰደ በኋላ ነው፤ ከወደቁት መካከል ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ ከፍለው የተማሩ ልጆችም አሉ።

አማርኛን ከሰፈር ይማራል ያሉት መናገርን ነው። ማንበብ ከሰፈር አይገኝም። መስከረም ላይ ልጆቹን የፊደል ገበታው ፊት አቆማቸዋለሁ። «ሀ ሁ ሂ» እያሉ በዜማ ይወርዱታል። ከመሐል «ሚ»ን ብቻ በእንጨት ስጠቁም ግማሹ ዝም ይላል፤ የሚያውቁት ዜማውን ነው። ስለዚህ ፊደላትን በካርቶን ላይ ጽፌ፣ ቆርጬ አድላቸዋለሁ። «ላም» ስል «ላ»ን የያዘው ልጅና «ም»ን የያዘችው ተነሥተው ጎን ለጎን ይቆማሉ። «ማር» ስል ሌሎች ሁለት። በመጀመሪያው ሳምንት ትርምስ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የተሳሳተ ቦታ የቆመውን ራሳቸው እየጎተቱ ያስተካክሉታል። ንባብ ምን እንደሆነ በሚናገረው ቋንቋ አንዴ የገባው ልጅ እንግሊዝኛ ሲጀምር የማንበቡ ድካም በእጅጉ ይቀልለታል። በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ ልጅም እንዲሁ በአፋን ኦሮሞ ቢጀምር ነው የሚበጀው፤ በከተማችን ለዚህ የተከፈቱ ክፍሎች አሉ።

ድክመታችንንም ልናገር። ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል የተቀመጠው መስፈርት 50 ተማሪ ነው፤ እኔ ዘንድሮ 57 ነበሩኝ። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ሲያነብ የምሰማው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። መምህር ሲታመም ተተኪ አይገኝም፤ ሁለት ክፍል አንድ ላይ ይታጨቃል። ስለዚህ እኅቴ፣ ሲያስገቧት ማታ አምስት ደቂቃ ጮክ ብላ ታንብብልዎት። እናቷ የምታስነብባት ልጅ ከሌሎቹ ተለይታ ታስታውቃለች።

ጡረተኛ፣ የአራት ልጆች አባት
እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ዳግማዊ ምኒልክም እቴጌ መነንም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ የአገሪቱ ሐኪምና መሐንዲስ ከእነዚህ በር ወጥቷል። ልጆቼንም እዚያው አስተማርኩ። ዛሬ የሚያሳዝነኝ ክፍያው አይደለም። ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚወስነው ሰው የራሱን ልጅ የት ነው የሚያስተምረው? አቅም ያለው፣ ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው፣ ቢሮ ገብቶ የሚከራከረው ወላጅ ልጁን ይዞ ወጣ። የቀረው ጠዋት ጉልት፣ ማታ ጉልት የምትውል እናት ናት። እርሷ ሥራዋን ጥላ ማንን ሄዳ ትጠይቅ?

የባንክ ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች አባት
አባቴ፣ በአክብሮት ነው የምመልስልዎት። በእርስዎ ዘመን የትምህርት ቤት ደጅ የረገጠው ልጅ ስንት ነበር? ያኔ ጥቂቶች ስለገቡ መምህሩ ለሁሉም በቃ። ዛሬ ሁሉም ይግባ ተባለ፤ ተገቢም ነው፤ መምህሩና ክፍሉ ግን በዚያው ልክ አልበዛም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢሻሻል እኔም ደስ ይለኛል። ልጄ ግን 1ኛ ክፍልን የሚማረው አንድ ጊዜ ነው፤ እስኪሻሻል ድረስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አገርን ለማስተካከል ልጄን መያዣ አላደርግም።

መምህርት፣ የግል ትምህርት ቤት ኬጂ
ከውስጥ ያለሁ ስለሆነ ልናገር። ክፍሌ ውስጥ 28 ልጆች አሉ። የእያንዳንዳቸውን ጠባይ አውቃለሁ፤ ያለቀሰ ልጅ ሳይታይ አይውልም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወላጅ የሚከፍለው ለዚህ ከሆነ አልፈርድበትም። ነገር ግን የምትከፍሉት ሁሉ ለመምህሩ የሚደርስ አይምሰላችሁ። ሻል ያለ ሥራ ያገኘ መምህር በዓመቱ መካከል ይሄዳል። አምና አንድ ክፍል ሦስት መምህር ተቀያየረበት፤ ልጆቹ ገና አንዷን ሲለምዱ ሌላ መጣች።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ግን ጥፋቱ የእናንተም ነው። ልጁ ቤት ሲገባ የእንግሊዝኛ መዝሙር ካልዘመረ ወላጅ ይደውላል። በስድስት ዓመት ውስጥ «ልጄ አማርኛ ማንበብ አልቻለም» ብሎ የደወለልኝ ወላጅ አንድም የለም። የትምህርት ቤቱ ባለቤትም የሚያየው ይህንኑ ስለሆነ የአማርኛውን ክፍለ ጊዜ ቀንሶ ለእንግሊዝኛ ጨመረው። እናት ከላፍቶ፣ እርስዎ በዚህ ጉዳይ ቢደውሉልኝ ኖሮ ለአለቃዬ የማሳየው ነገር ይኖረኝ ነበር።

አባት፣ ከጀሞ
አባታችን ላነሡት ጥያቄ አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው የወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይ የመጸዳጃ ቤቱ ውኃ ለምን እንደማይመጣ ጠየቅሁ። ዝም ተባልኩ። በሁለተኛውም ጠየቅሁ። በሦስተኛው ላይ አራት እናቶች ከኋላ ተነሥተው «የእኔም ልጅ ውኃ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ሽንቷን ይዛ ነው የምትመጣው» አሉ። ከዚያ በኋላ ሮቶ ተተከለ። ጉልት የምትውለው እናት መናገር አቅቷት አልነበረም ዝም ያለችው፤ ጀማሪ ነበር ያጣችው።

የባንክ ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች አባት
ይህንን አከብራለሁ። እኔና ባለቤቴ ግን ቤት የምንገባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መምህርቷ ያሉት አምስት ደቂቃ እንኳን አንዳንድ ቀን የለንም፤ ልጁ ተኝቶ እናገኘዋለን። ከፍዬ የምገዛው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ እኔ የሌለሁበትን ሰዓት የሚሞላልኝ ሰው።

እናት፣ ከላፍቶ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመንግሥቱን ትምህርት ቤት ሄጄ አየሁት። ለምዝገባ የተቀመጠችው መምህርት ራሷ የ1ኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ክፍሏን አሳይኝ ብላት ቁልፍ ይዛ ወሰደችኝ። መስኮቱ አንድ መስታወት ጎድሎታል፤ ወንበሮቹ ለሦስት ሦስት ልጅ ናቸው። ግድግዳው ላይ በእጇ የጻፈቻቸው ቃላት አሉ፤ «በር»፣ «ሰሌዳ»፣ «መስኮት» እያለች በየዕቃው ላይ ለጥፋቸዋለች። አምና 61 ተማሪ እንደነበራት አልደበቀችኝም። መጸዳጃ ቤቱን አይቼ ግን ከፍቶኛል፤ ስለ ውኃው የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እጄን አነሣለሁ።

ከባለቤቴ ጋር እስከ ምሳ ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማነው ለአንድ ዓመት ነው፤ እንግሊዝኛውን እርሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያስተምራት፣ የማታውን ንባብ እኔ ልይዝ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ አስመዘገብኳት።

እናቴ መድኃኒቷን ጨርሳለች። ባዶውን ካርቶን ግን አልጣለችውም፤ «ለገና ስትመጪ ታነቢልኛለሽ» ብላ ከመስተዋቱ ጀርባ አስቀምጣላታለች።